ለሰብለ ያደረስኩት ግማሽ መልስ

ይህ የሆነው ዓምና በጥቅምት ወር ነው። ከአእምሮዬ አልጠፋ ያለው ክፉ ስለሠራሁ ብቻ አይደለም። በሠራሁት ክፋት ሰው ፊት ስለተመሰገንኩ ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ጆርጂያ ስቴት ውስጥ ሊልበርን በምትባል ከተማ ነው። የምሠራው አንድ ሃይስኩል ኩሽና ውስጥ፣ ለተማሪዎች ምሳ በማቅረብ ነው። የትምህርት ቤቱ የኮሌጅ አማካሪ፣ እነሱ ካውንስለር የሚሏት ሴትዮ፣ ሰላጣዋን ልትወስድ ስትመጣ ከእኔ ጋር ታወራለች። በዚህች ትውውቅ ብቻ በአካባቢያችን ያለ አበሻ ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ነገር አዋቂ አድርጎኛል። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የገባ ሁሉ «ገነትን ጠይቃት» ይባላል። እኔም አላውቅም ብዬ አላውቅም።

ሰብለ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። የምትኖረው ቻርሎት፣ ኖርዝ ካሮላይና ነው፤ ከእኛ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። አዲስ አበባ እያለን ዲቪ የሞላነው በአንድ ቀን ነበር። የእሷ በዚያው ዓመት ወጣ፣ የእኔ ከአራት ዓመት በኋላ። ያገባችውም፣ ቤት የገዛችውም ቀድማኝ ነው። አንድም ቀን ጉራ ነዝታብኝ አታውቅም። ብትነዛብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምቀየምበት ምክንያት አገኝ ነበር።

የእኔ ልጅ ሜሮንና የእሷ ልጅ ሊያ እኩያ ናቸው። ሁለቱም እዚህ ጆርጂያ ያለውን አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመኙ። ለሜሮን የገዛ ስቴቷ ነው። ሊያ ግን ከሌላ ስቴት የምታመለክት ናት። ሰብለ ደግሞ ነገሩን እንደ ዲቪ ዕጣ ነበር የምታየው።

«ገንዬ፣ የሊያን ወረቀት፣ ውጤቷንም የማመልከቻ ድርሰቷንም፣ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ» አለችኝ ደውላ። «ከሌላ ስቴት የሚመጣ ልጅ ይቀበላሉ ወይ? ለካውንስለሯ አሳዪልኝና ቁርጡን ንገሪኝ። ዴድላይኑ አሥር ቀን ነው የቀረው። አይሆንም ካልሽ እዚሁ አፕላይ ታደርጋለች።»

ወረቀቱን ፕሪንት አድርጌ በማግስቱ ይዤ ሄድኩ። የሜሮንንም ጨመርኩበት። ካውንስለሯ ሁለቱንም አገላብጣ አየች። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የሚያስበው ለራሱ ስቴት ልጆች ስለሆነ ከሌላ ስቴት የሚመጣ ልጅ በርትቶ መገኘት አለበት አለችኝ። ከዚያ ጣቷን የሊያ ወረቀት ላይ አሳረፈች። «ይህቺ ልጅ ግን ጥሩ ዕድል አላት። ከባድ ከባዱን ትምህርት ነው የወሰደችው። ድርሰቷ ብቻ ደረቅ ነው፣ እንደገና ትጻፈው» አለች። የሜሮንን ደግማ አየችና «እሷም ትሞክር» አለች። ስለ ልጄ ያለችው ይኸው ብቻ ነው።

«ትሞክር» የምትለዋ ቃል ሆዴ ውስጥ ገብታ ቀረች። እኔ ለዚህ ስቴት ልጆች ስንት ዓመት ምሳ ሳቀርብ ኖሬ፣ ልጄም እዚሁ አድጋ፣ ከቻርሎት የምትመጣው የሰብለ ልጅ ትቅደማት? ዛሬም የሰብለ ይቅደም? ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም።

ከሥራ ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩላት። «ሰብልዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከባድ ነው። መጀመሪያ የራሳቸውን ልጆች ነው የሚወስዱት። ድርሰቷም ደረቅ ነው ተብሏል። እኔ በበኩሌ እዚያው ብትቀር ይሻላል እላለሁ።» ካውንስለሯ ያላለችውን አልጨመርኩም፣ ምክሩ የራሴ ነው። «ጥሩ ዕድል አላት» ያለችውን ግን ዋጥ አደረግኩት።

«እሺ የኔ እህት። አንቺ ካልሽ ልክ ነው» አለች ሰብለ። ድምፅዋ ዝቅ ሲል ሰማሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። ወደ ቤት ስነዳ የሁልጊዜው ትራፊክ እንኳን አላስመረረኝም።

መጋቢት ላይ የሜሮን መልስ መጣ። አልተቀበሏትም። ሁለት ቀን አኮረፈች፤ በሦስተኛው ቀን እዚሁ ቅርባችን ሎረንስቪል ያለ ኮሌጅ ገብታ እንደምትማር ነገረችኝና ነገሩን ዘጋችው። እኔ ግን አልዘጋሁትም። አንድ መጽናኛ ብቻ ነበረኝ፣ ሊያም አልገባችም ብዬ።

በዚያው ሳምንት ሰብለ እያለቀሰች ደወለች። ሊያ ገብታለች።

«አፕላይ አድርጋ ነበር እንዴ?» አልኩ።

«ያንቺን ስነግራት እኮ ስታለቅስ ዋለች። ከዚያ ድርሰቱ አይደል ደረቅ የተባለው ብላ፣ የድሮውን ጥላ እንደ አዲስ ጻፈች። አሥሩን ቀን ከክፍሏ የወጣችው ለትምህርት ብቻ ነው። አንቺ ባትነግሪን ኖሮ ያንኑ ነበር የምትልከው። ሌላ ሰው ቢሆን በይሉኝታ ጎበዝ ናት ብሎ ይሸኘን ነበር።»

እንኳን ደስ አላችሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወጥ ሳልሠራ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ሜሮን ድንገት ብትገባ ለዕንባዬ ምክንያት እንዲሆነኝ ነው።

ነሐሴ ላይ ሰብለ ሊያን ዩኒቨርሲቲ ልታስገባ መጣችና እኛ ቤት አረፉ። ምሳ ተበልቶ እንዳበቃ ሰብለ ብድግ አለች። «ሊያ፣ ነይ ገነት ትመርቅሽ። ለዚህ ያበቃችሽ እሷ ናት» አለች።

ልጅቷ መጥታ ጉልበቴ ሥር ተንበረከከች። «አንቲ ገነት፣ ኦነስትሊ፣ አንቺ ባትዪኝ ያንን ቦሪንግ ኤሴይ ሰብሚት አደርገው ነበር። ታንክ ዩ» አለችኝ።

እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ። «እደጊ፣ ተመንደጊ። ያሰብሽው ይሙላልሽ። ሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ» አልኩ። አፌ ይመርቃል፣ ልቤ የልጄን ቦታ ወሰድሽባት ይላል። በየመሃሉ ከሁሉም ጮክ ብሎ «አሜን» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ይሰማኛል። ዞር ብዬ ሳይ ሜሮን ናት። የተነሳ ሳህን ይዛ ቆማ ከልቧ አሜን ትላለች።

ስጨርስ ሳህኑን አስቀመጠችና መጥታ ከሊያ ጎን ተንበረከከች። «ማሚ፣ እኔም እኮ ሰኞ ስታርት አደርጋለሁ። እኔን አልመረቅሽኝም» አለችኝ።

ቀልድ አስመስላ ነው ያለችው፣ ግን እውነቷን ነበር። ያ መልስ ከመጣ ወዲህ ስለምትገባበት ኮሌጅ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ያን ሁሉ ወር ሳስብ የከረምኩት ስለ ሰብለ ልጅ ነው።

እጄን ራሷ ላይ አደረግኩ። ምርቃቱ ሁሉ ከአፌ ጠፋና «ይቅር በዪኝ» የሚል ብቻ ወጣኝ። ሰብለ «ምርቃት በይቅርታ ሲጀመር ዛሬ አየሁ» ብላ ሳቀች።

አሁን ሊያ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ትመጣለች። ቅናቴ ጨርሶ ለቆኛል አልልም። የዩኒቨርሲቲውን ስም የያዘውን ሹራቧን ለብሳ ስትገባ ዛሬም ቆንጠጥ ያደርገኛል። ያኔ ሜሮንን ስለ ትምህርቷ እጠይቃታለሁ፣ እሷም ደስ ብሏት ታወራኛለች።

ለሰብለ ግን ያን የዋጥኩትን እስካሁን አልነገርኳትም። በዓል በመጣ ቁጥር ደውላ ታመሰግነኛለች። እኔም «ኧረ እኔ ምንም አላደረግኩም» እላታለሁ። እሷ ትሕትና ይመስላታል።