ለአደም የነፈግኩት ምስክርነት

በዚያ ቀን ጎባ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በረንዳ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን። ሠራተኛ የሚቀጥሩት ግራዝማች፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው። አጠገባቸው ጸሐፊያቸው። ለመሐላ ወንጌል ይዘው የተጠሩት መሪጌታ። ከሲናና በበቅሎ የመጡት አሮጌው ወታደር ባሻ ደምሴ። ሥራውን ሊጠይቅ የቆመው አደም። ልጇን አዝላ ከአጥሩ ውጭ የምትጠብቀው ሚስቱ ፋጡማ። ያንኑ ሥራ ሊጠይቅ የመጣው ልጄ ጌታቸው። እና እኔ።

ሁላቸውም አይተዋል፣ ሰምተዋል። ምን እንደተደረገ ግን በሙሉ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያደረግኩት እኔ ነኝና። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንኳ የተናዘዝኩት ሌላውን ነው። «ሹም ፊት ቆሜ ፈራሁ» አልኳቸው። እሳቸውም ፍርሃት ኃጢአት እንዳልሆነ ነግረው አሰናበቱኝ። ፍርሃቴን ተናዝዤ ሥራዬን ደበቅኩ። አሁን የምጽፈው ያንን የደበቅኩትን ነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነውና አጻጻፌን ታገሡኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ባለቤቴ ወልዴ ኮርያ ዘምቶ የተመለሰ ወታደር ነበር። ከእሱ ጋር አንድ የሲናና ልጅ ዘምቶ ነበር፣ አደም የሚባል። ወታደር ሲገባ ግን ስሙ ተስፋዬ ተብሎ ተጻፈ። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ አልነበረም፤ የሚመዘግበው አለቃ የመሰለውን ስም ይሰጥ ነበር፣ ምልምሉም «አቤት» ይላል። ስለዚህ ጦር ሠራዊቱ የሚያውቀው ተስፋዬን ነው፣ አገሩ የሚያውቀው አደምን ነው። ሁለቱም አንድ ሰው መሆኑን ጎባ ውስጥ የሚያውቅ ቤት ቢኖር የእኔ ቤት ነው።

እንዴት አወቅኩ? በዓይኔ አይቼ ነው። የተመለሱ ቀን የጭነት መኪና ላይ ሆነው መጡ። እኔ የሰባት ዓመቱን ጌታቸውን እጁን ይዤ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ወልዴ ከመኪናው ዘሎ ወረደና ወደ ላይ እየጮኸ፣ «ተስፋዬ! ውረድ እንጂ፣ ሚስቴን ላስተዋውቅህ!» አለ። እያነከሰ የወረደው አደም ነበር። የወታደር ካፖርት ለብሷል፣ ደረቱ ላይ ሜዳሊያ አለ። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቡልኝ፣ በኋላ ያስፈልጋችኋልና።

አደም ከቤታችን አይጠፋም ነበር። የእኛን ሥጋ ስለማይበላ ለእሱ ብቻ የሚሆን ድስት ነበረኝ፤ ሽሮም ምስርም የምሠራለት በዚያ ነበር። ወልዴ በደረት ሕመም ሲሞት መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነው። ከዚያም በኋላ ወደ ገበያ በመጣ ቁጥር በር ላይ ቆሞ «አካም ቡልቴ፣ እትዬ?» ብሎ እንዴት እንዳደርኩ ሳይጠይቅ አያልፍም። እንጨት ተፈልጦ እንደሆነ ያያል፣ ካልተፈለጠ ጋቢውን አውልቆ ይፈልጣል። በበረዶ የተቆረጡ ሁለት የእግር ጣቶች ነበሩት። ለምን እንደሚያነክስ ልጆች ሲጠይቁት፣ «ሁለቱ ጣቶቼ ኮርያ ሥራ አግኝተው ቀሩ፣ ሥራ አጥቼ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ» ይላቸው ነበር። ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቅ ነበር።

ነገሩ ግን እውነት ነበር። ዘምቶ ሲመለስ የአባቱ መሬት በሌላ ሰው ስም ተለክቶ ጠበቀው። የሰው መሬት እያረሰ ሲኖር ከዓመታት በኋላ አንድ ወሬ መጣ፤ ያ መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ጠባቂ ይፈልጋል፣ የዘመተ ሰው ከተገኘ ቅድሚያ ለእሱ ነው ተባለ። ያልዘመተ ሰው የሚቀጠረው ዘማች ከጠፋ ብቻ ነው። እኔ ይህ ደንብ ትክክል አይደለም ብዬ አላውቅም። ሕይወቱን ለሰጠ ሰው አንድ የዘበኛ ወንበር ምን ይበዛበታል?

ጌታቸው ያን ጊዜ ሃያ ሊሞላው ነበር። ስድስተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል። ወሬውን ሲሰማ እንዲህ አለኝ።

«እማዬ፣ ይሄን ካላገኘሁ ወታደር ቤት እገባለሁ። ወታደር የነበረ ሰው ሥራ አያጣም፣ ታዪ የለም እንዴ? ዘምቼ ስመለስ እኔም ቅድሚያ ይሰጠኛል።»

«ካልተመለስክስ?» አልኩት።

«አባባ ተመልሶ የለም?»

እንዴት እንደተመለሰ የማውቀው እኔ ነኝ። ሌሊት ሌሊት ሲያስል ጀርባውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ልጄ ያንን ካፖርት ለብሶ ሲወጣ ታየኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በልቤ ሌላ ነገር አልነበረም፤ ጌታቸው ያንን ሥራ ማግኘት አለበት። መጀመሪያ በቀና መንገድ ሞከርኩ። ግራዝማች ዘንድ ሄጄ፣ «ጌታዬ፣ የዘማች ልጅ ነው፣ የአባቱ ድካም አይቆጠርለትም?» አልኩ። «ቅድሚያው ለዘመተው ለራሱ ነው፣ አንቺ ሴትዮ፣ አይወረስም» አሉኝ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ወልዴ በሕይወት ቢኖር ያ ሥራ የእሱ ነበር እያልኩ ተመለስኩ። እንዲህ እያልኩ ነው ራሴን ያዘጋጀሁት።

በመጨረሻ የቀሩት ጠያቂዎች ሁለት ብቻ ሆኑ፣ አደምና ጌታቸው። አደም ዘማችነቱ ከተረጋገጠ ነገሩ አለቀ። ሜዳሊያው አለ፣ ወረቀቱም አለ። ነገር ግን ወረቀቱ ተስፋዬ ይላል፣ ሰውዬው አደም ነው። ግራዝማች ደግሞ፣ «ሜዳሊያም ወረቀትም ገበያ ላይ ይሸጣል» የሚሉ ሰው ነበሩ፤ እውነትም አንዳንዱ ሲቸገር ይሸጠው ነበር። ስለዚህ ሰውዬውን የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች በመሐላ ቃላቸውን ይስጡ አሉ። አብረውት የዘመቱት በየአገሩ ተበትነዋል። አደም ባሻ ደምሴንና እኔን ጠራ።

በዋዜማው ቤቴ መጣ። ልጄ ለዚያው ሥራ እንደቆመ ያውቃል። ያፈረው እሱ ነበር። «እትዬ፣ ጌታቸውም እንዳመለከተ አውቃለሁ። ሌላ ምስክር ባገኝ አንቺን አላስቸግርም ነበር» አለኝ። እኔ ምን አልኩ? «ምን ችግር አለው ወንድሜ፣ ያየሁትን እናገራለሁ» አልኩ። እንዲህ ስል ምን እንደማደርግ ገና አልቆረጥኩም ነበር። ወይስ ቆርጬ ነበር? ይህን ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሲወጣ በሩን ዘግቼ የተቀመጥኩት መሐላውን ሳስብ ነው። በወንጌል ላይ መዋሸት አልችልም። ስለዚህ ሳልዋሽ የምናገረውን ፈለግኩ። ቆርጬ ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ ከተራራው የወረደው ጉም ገና አልተነሳም ነበር። መጀመሪያ ባሻ ደምሴ ቀረቡ። እጃቸውን በወንጌሉ ላይ ጭነው፣ «ይሄ ተስፋዬ ነው። ማሠልጠኛ ሳለን ከእኔ ጎን ነበር የሚተኛ። ማንኮራፋቱን እንኳ እመሰክራለሁ፣ ግራዝማች፣ ከፈለጉ አሁን ያስተኙትና ይስሙት!» አሉ። ጸሐፊው ሳቀ። መሪጌታም ሳቁ። አደም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ነገሩ ሁሉ ወደ እሱ ያዘነበለ ነበር።

ከዚያ እኔ ተጠራሁ። እጄን በወንጌሉ ላይ ጫንኩ። ግራዝማች፣ «አንቺ የዘማች ሚስት ነበርሽ። ይህ ሰው ከባልሽ ጋር የዘመተው ተስፋዬ ነው? የሰማሽውን ተዪ፣ በዓይንሽ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ» አሉኝ።

በዓይንሽ ያየሽውን አሉኝ። እንደ በር ተከፈተልኝ።

«ጌታዬ፣ እኔ የማውቀው አደም ብዬ ነው» አልኩ። «ሲዘምት በዓይኔ አላየሁም። እኔ ኮርያ አልነበርኩም።»

ቃል በቃል ይኸው ነው። ሐሰት አለበት? አደም ብዬ አውቀዋለሁ፤ ስሙን የምጠራው እንዲያ ነው። ሲዘምት አላየሁም፤ የሄዱ ጊዜ የሸኘሁት ባሌን ብቻ ነው። ኮርያ አልነበርኩም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። የተመለሱበትን ቀን ግን አልተናገርኩም። መኪናውን፣ ካፖርቱን፣ ወልዴ ተስፋዬ ብሎ ሲጣራ አልተናገርኩም። አይቼ ነበር። አይቼ ሳለ አላየሁም ከማለት ይህ በምን ይሻላል? እኔ ያን ጊዜ ይሻላል ብዬ አምኜ ነበር። ወንጌሉን የፈራሁትን ያህል አደምን መበደል አልፈራሁም።

ግራዝማች፣ «ሌላ የምትጨምሪው አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ይህም ዕድል ተሰጠኝ። አደም ያየኝ ነበር። የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበረው፤ ቀጥዬ እንደምናገር አልተጠራጠረም።

«የለም» አልኩ።

ግራዝማች ወደ አደም ዞረው፣ «አንድ ምስክር አይበቃም። ሁለት ስም ላለው ሰው ግምጃ ቤት አላስረክብም» አሉ። ባሻ ደምሴ ተቆጡ። «እኔ ምኑን ዋሸሁ? እንዴት ነው ነገሩ?» እያሉ ጮኹ። ጸሐፊው እንዲወጡ ለመናቸው። ከዚያ «ጌታቸው ወልዴ» ተብሎ ተጠራ። ልጄ ወደ ፊት ሄደ። እኔ ከበረንዳው ወረድኩ።

አጥሩ በር ላይ አደም ደረሰብኝ። ፋጡማ በኦሮምኛ ምን እንዳሉ እየጠየቀችው ነበር። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ቆምኩ። ቢሰድበኝ ኖሮ ዛሬ ቀላል ይሆንልኝ ነበር።

«እትዬ፣ ፈርተሽ ነው አይደል?» አለኝ። «ሹም ፊት ቆመሽ አታውቂም። እኔም መጀመሪያ የጦር አለቃ ፊት ስቆም ስሜን ረስቼ ነበር። አይዞሽ፣ ምንም አይደል።»

እኔም፣ «አዎ ወንድሜ፣ ፈርቼ ነው» አልኩት።

ውሸቱ ይህ ነው። በረንዳው ላይ እውነትን ደበቅኩ፣ አጥሩ በር ላይ ግን በግልጽ ዋሸሁ። በእጄ ሥር ወንጌል አልነበረም፣ ጸሐፊም አልነበረም። ወደ ኋላ ዞሬ ደረጃውን ብወጣ ነገሩ ገና ይስተካከል ነበር። ግራዝማች እዚያው ተቀምጠው ነበር። እኔ ግን ማጽናኛውን ተቀበልኩ። የበደልኩት ሰው ሲያጽናናኝ ተቀበልኩ፣ ከዚያም ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በመንገድ ላይ ጌታቸው ደረሰብኝ። ተቀጥሯል። ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ጥቂት ሄደና፣ «እማዬ፣ አባባ አደምን ተስፋዬ ይለው አልነበር?» አለኝ።

«ዝም በል» አልኩት።

ዝም አለ። እስከ ዛሬም ዝም እንዳለ ነው። በመጀመሪያ ደሞዙ ነጠላ ገዛልኝ። ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁ አልጠየቀኝም። ልጄ ወታደር አልሆነም፣ አግብቶ ወለደ፣ በዚያ ሥራ አደገ። እኔ የፈለግኩት ሁሉ ተፈጸመልኝ። ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ጌታቸውን ከልጆቹ ጋር ሳየው ደስ ይለኛል። ያ ቀን ቢመለስ ሌላ ነገር አደርግ ነበር ብዬ ለመማል ድፍረት የለኝም። ይቅርታ የሚለውን ቃል የምፈራው ለዚህ ነው።

አደም ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ብቻ ቆየ። በገበያ ቀን አሁንም በር ላይ ቆሞ ሰላም ይለኝ ነበር። እኔ ሥራ እንደያዝኩ ሆኜ ከውስጥ እመልስለታለሁ። የሚያርሰውን መሬት ባለቤቱ ሲወስድበት ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ ጊኒር ወረደ ተባለ። ሊሰናበተኝ መጥቶ ነበር፤ ቤት ውስጥ እያለሁ የለችም አስባልኩ። ወዲያው በመንግሥት ላይ የባሌ ግርግር ተነሣ፣ ወደ ቆላው የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። ጊኒር ከብት የሚነግድ አንድ ሰው ሶፍ ዑመር አካባቢ አየሁት ብሎ ነበር። ሌላው ደግሞ በዚያ ግርግር ሞቷል አለ። ማንኛቸው እውነት እንደተናገሩ አላውቅም። በዚያ ጊዜ ደሞዝ ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ ጎባ በቤቱ ይቀመጥ ነበር። ወደ ቆላ የሰደደው ድህነት ነው ብዬ እንዳልተወው፣ ድህነቱን ያጸናሁበት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው መሪጌታ ሞተዋል፣ ግራዝማችም ባሻ ደምሴም ሞተዋል። ምስክርነቴን የምሰጥበት በረንዳ የለም። ቢሆንም እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ያ ሰው ዘማቹ ተስፋዬ ነበር፣ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከጊኒር ወዲያ ያላችሁ፣ ወይም በዚያ በኩል የምትነግዱ፣ የሲናናውን አደምን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። እሱ ከሌለ ሚስቱ ፋጡማ፣ እሷም ከሌለች ያን ቀን በጀርባዋ የነበረችው ልጃቸው ሙሚና የት እንዳለች ንገሩኝ። ጎባ መጥታችሁ የጌታቸው እናት ብትሉ ቤቴን ያሳዩአችኋል። በሕይወት ካለ አለ በሉኝ፤ ከሞተም ሞተ በሉኝ።