ካርቶን ላይ የተጻፈላት እናት

ባለሱቁ የልብስ ሳሙና ካርቶን ሲቀድ ሽታው አፍንጫዬን ሞላውና ጣቶቼ ሳላዛቸው ባንኮኒው ላይ መተየብ ጀመሩ። ግራ ገብቶት ሲያየኝ ሳቄ መጣ። ምን ብዬ ላስረዳው? እኛ ኮምፒውተር የተማርነው በዚህ ካርቶን ነዋ።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ አሶሳ ያለው ኮሌጃችንም እንደዚያው። ኮምፒውተሮቹ ጥቂት፣ እኛ ብዙ፣ መብራቱ ደግሞ እንዳሻው የሚመጣ የሚሄድ። ከጎንደር ተመድቦ የመጣው መምህራችን ካርቶን አስቀደደንና ኪቦርዱን በእስክሪብቶ አሳለን። ተራችን እስኪደርስ ጣት ማፍታታት በዚያ ነው። ክፍሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ሁላችንም ስንጀምር ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚያንጠባጥብ ዝናብ ነበር።

እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ ምላሴም አያርፍም። «ገጠር ለምንመደብ ኮምፒውተር ምን ይሠራልናል? ከብት ልናግድበት ነው?» እል ነበር። ብዙዎቹ ይስማሙ ነበር። የካማሺዋ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ግን ካርቶኗን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች፣ «እኛ አገር መብራት የለም፤ ጣት ግን አለ። መብራት ሲመጣ ጣት ዝግጁ ነው» ትለኛለች።

ምኞቷ አንድ ነበር፤ የጻፈችው ስክሪን ላይ ሲወጣ በዓይኗ ማየት። ተራዋ በደረሰ ቁጥር ግን መብራት ይጠፋል። «ያልታደለች ከንፈር ሳትሳም ታድራለች» እያልኩ እተርባታለሁ፤ ትስቃለች።

ዛሬ እዚሁ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ስልኳ ላይ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍባት ትነጫነጫለች።

የፈተናው ዕለት ጓደኛዬ ተጠርታ ተቀመጠች። ጣቷን ከማንሳቷ መብራቱ ድርግም አለ። የቀረነው በማግስቱ እንድንፈተን ተባለ፤ እሷን ግን ማለዳ ወደ ካማሺ የሚሄድ መኪና ይጠብቃታል፤ ያ ካመለጣት ሌላ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም። መምህሩ ትንሽ አሰበና ካርቶኗን ከጠፋው ኮምፒውተር ፊት ዘረጋላት።

«የፈለግሽውን ጻፊ፤ እኔ ጣትሽን እያየሁ አነባለሁ።»

ጻፈች። እሱም እየተደናቀፈ ጮክ ብሎ አነበበ። ፊደሉ እንግሊዝኛ፣ ቋንቋው ጉሙዝኛ ነበር። እኛ ሳቅን፤ እሷ አልሳቀችም።

«ምን ማለት ነው?» አላት።

«ለእናቴ ነው። ‹እማ፣ ልጅሽ መጣች፤ በኮምፒውተር መጻፍ ትችላለች› ይላል።»

«አንድም ስህተት የለውም» አለ። ጉሙዝኛ እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን፤ የተከራከረው ግን የለም።

ሲነጋ ካርቶኗን ጓዟ ላይ አስራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላገኘኋትም። መብራት የመጣው ረፋድ ላይ ነው። ተናደድኩ፤ አለቀስኩም። ተራዬ ደርሶ ስቀመጥ የራሴን ትቼ የእሷን ልጽፍላት ፈለግሁ፤ እሷ ባታየውም አንዴ እንኳን ስክሪን ላይ እንዲወጣ። ሦስት ፊደል ጽፌ ቆምኩ።

«ቀጥዪ» አለኝ መምህሩ ከኋላዬ።

«ጠፋኝ፣ ቲቸር። እርስዎስ ያስታውሱታል?»

እሱም ረስቶታል። ሁለታችንም ሦስቱን ፊደላት እያየን ቆየን። መብራቱ ያን ቀን እስከ ማታ አልጠፋም።