የአጥናፉ አምባዛ

አጥናፉ ባቡር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ትኬት ቆርጧል። ካዛንቺስ ግቢያቸው ውስጥ የሚታወቀው ግን በዓሣው ነበር። በገና ጾም መተሐራ ያድርና አዋሽ ወንዝ መንጠቆ ይጥላል። የያዘውን አምባዛ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ በሕይወቱ ያመጣዋል፤ አምባዛ ከውኃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም። ሳፋ ላይ ሲገለብጠው ጎረቤቱ ሳህን ይዞ ይከበዋል።

«የሚንፈራገጥ ዓሣ ሰው አያሳምምም» ይላቸዋል። አመኑት። ፉርጎውን አገማኸው እያሉ የሚያሾፉበት ባልደረቦቹ እንኳ ድርሻቸውን ሳይዙ ለገሃር አይወርዱም ነበር።

ባቡሩ ሲቆም እሱም ጡረታ ወጣ። ጾም በገባ ቁጥር «ዘንድሮስ ዓሣ የለም?» ይሉታል። ለገሃር ሄዶ የዛገውን ሐዲድ አይቶ ይመለሳል።

አንድ ዓመት ታኅሣሥ ላይ የጎረቤቱ የጀማነሽ ምራት ሲምረት በሰባት ወሯ ዓሣ አማራት። አምሮት ካልወጣ ፅንሱን ይጎዳል ይባላል። መተሐራ ለጉልበቱ ራቀው፤ ታክሲ ተሳፍሮ አቃቂ ወረደ። ወንዙ ጎድሏል፤ ዳሩ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው አረፋ ይዟል። አምባዛዎቹ ግን እንደ ጥንቱ ጉልበተኞች ናቸው። ሁለት ያዘ። አንዱን ለጎረቤቱ ለምንዳዬ ሰጥቶ፣ ትልቁን ጀማነሽ ቤት አደረሰ።

«ይኸው ይንፈራገጣል! ሲምረት፣ መጥበሻውን ጣጂ» አለች ጀማነሽ።

አጥናፉ የዓሣውን ሆድ ሲሰነጥቅ ሽታው መጣ። የዓሣ አይደለም፤ የቆዳ ፋብሪካና የናፍጣ ነው። ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ይደፋ።»

«ምን ሆነሃል? በነፍሱ እኮ ነው የመጣው!»

«ውኃው ተበክሏል። ይሄ ደግሞ የጠጣውን ይዞ ነው የሚኖረው።»

«የሚንፈራገጥ አያሳምምም ያልከን አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

«በቃ፣ ባቡሩ ሲቆም አንተም አብረህ ቆመሃል!»

ሲምረት ዓይኗን ከዓሣው አልነቀለችም። «በደንብ ቢጠበስስ፣ ጋሼ?»

«እሳት ይሄን አያወጣውም፣ ልጄ። የአምሮትሽ ነገር በእኔ ይሁን። አትብዪው።»

ጀማነሽ እያጉረመረመች መጥበሻውን አወረደች። እሱ ግን ወጥቶ ነበር።

ምንዳዬ ቤት ሲደርስ ዓሣው ተጠብሶ ቀርቧል። ልጆቹ እጃቸውን ታጥበዋል።

«ግባ እንጂ!» አለ ምንዳዬ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «እንደ ድሮው አብረን እንብላ።»

አጥናፉ ሳይቀመጥ ትሪውን ከፊታቸው አነሳ።