ቀድማ የምትስቀው

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በሚወርድ ታክሲ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ብቻዋን ትስቃለች። ምን እንዳሳቃት ማናችንም አናውቅም።

"እኛስ ምን በደልን? አሰሚን እንጂ!" አላት ረዳቱ።

እናቴም እንዲህ ነበረች። ክረምት ሲመጣ አያቴን ልንጠይቅ ደሴ ስንሄድ፣ አባዬ ፒያሳ ካለው ሙዚቃ ቤት የገዛውን የቀልድ ካሴት ይዞ አውቶቡስ ይሳፈራል። ያኔ ካሴት ያለው መንገደኛ ለሾፌሩ ያቀብል ነበር። ደብረ ብርሃንን አልፈን ካሴቱ ሲከፈት አውቶቡሱ በሙሉ ጆሮ ይሆናል። እናቴ ግን በቃሏ ስለምታውቀው፣ የሚያስቀው ቦታ ሳይደርስ በሳቅ ትፈርሳለች።

"ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ቀልዱን አታበላሺብን!" ይላታል አባዬ። በነጠላዋ አፏን ትይዛለች፤ ትከሻዋ ግን መንቀጥቀጡን አይተውም። ሰዉም ቀልዱን ሳይጠብቅ በእሷ ይስቃል።

ባረፈች በዓመቱ ሁለታችን ብቻ ሄድን። ሾፌሩ ካሴት የያዘ ሰው እንዳለ ሲጠይቅ፣ አባዬ ያንኑ ካሴት ከኮቱ ኪስ አወጣ። ደነገጥኩ። እናቴ ቀድማ የምትስቅበት ቦታ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ በመስኮት ገደሉን ሲያይ የቆየው አባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"እዚህ ጋ ነበር እኮ" አለኝ።

ወዲያው አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ።

ታክሲው መውረጃዬ ጋ ደረሰ። ልጅቷ እንደገና መሳቅ ጀመረች። "ወራጅ አለ" ሳልል አለፍኩ።