የፋዲላ ዘጠኝ ደብተሮች

ስለ ላይብረሪ ሠራተኛ ሕይወት ምን ይጻፋል የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም እል ነበር። ብርሃኔ እባላለሁ። ሸዋሮቢት ላይ አንድ ዩኒቨርሲቲ በከፈተው የቆላ ግቢ፣ በንባብ አዳራሹ ባንኮኒ ላይ ዐሥራ ሁለት ዓመት መጽሐፍ ሳቀብልና ስቀበል ኖሬያለሁ። ቁጡ ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም። በዚያ ቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ማራገቢያው ከሚዞርበት ቀን የሚቆምበት እየበዛ፣ ሳይቆጣ የሚውል ሰው ካለ ሥራ አይሠራም ማለት ነው። የምጽፈው ግን ስለ ፋዲላ ሁሴን ነው።

ፋዲላ በ1997 ዓ.ም. መጽሐፍ መዝጋቢ ሆና መጣች። አባቷ ከከተማው በታች፣ ወንዙ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ከመንደሯ ሴቶች ዲግሪ የያዘች የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ቀጭን፣ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ የማይወጣ፣ የተገነጠለ መጽሐፍ ስታይ ሰው የተመታ ያህል ፊቷ የሚጨማደድ ልጅ ነበረች። የስታርች ሙጫ አፍልታ ገጽ በገጽ ትለጥፋለች። «የመንግሥት ንብረት ነው፣ ቢቀደድ የአባትሽ አይደለ» እያልኩ እተርባት ነበር። ፈገግ ብላ መለጠፏን ትቀጥላለች። የምትሠራው ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ ማን ምን እንደሚያነብ የማየው እኔ ብቻ ነኝ።

በመንደሯ ሼህ አደም የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በልጅነታቸው ከአሊዩ አምባ ወርደው እዚያው የቀሩ ናቸው። በመንደሩ አርጎብኛ የሚናገር የቀረ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ልጆቻቸው እንኳ አማርኛና ኦሮምኛ እንጂ ያንን አያውቁም። ፋዲላ እሁድ እሁድ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ እየሄደች አጠገባቸው ቁጭ ትልና የሚሉትን ትጽፋለች። የማሽላውን ዘር ስም፣ የነፋሱን ስም፣ ግመል ሲጫን የሚባለውን፣ ልጅ ሲታመም እናት የምትለውን፣ ሁሉንም። በግራው ገጽ በእሳቸው ቋንቋ፣ በቀኙ ገጽ በአማርኛ። አንድ ቀን ሼህ አደም «አፌን ይዤው እንዳልሄድ ብዬ ነው የምነግርሽ፤ ሳይደክምሽ ጻፊ» እንዳሏት ነግራኛለች። ሦስት ዓመት ጻፈች። ባለጠንካራ ልባስ ዘጠኝ ደብተር ሞላ።

ቤቷ አስቀምጣቸው ሳለ ምስጥ የአንዱን ደብተር ጥግ በላው። በዚያው ሳምንት ዘጠኙንም ተሸክማ ላይብረሪ አመጣቻቸው። ሲሚንቶ ወለል፣ ብረት መደርደሪያ፤ ከዚያ የተሻለ ምን አለ። በደንቡ መሠረት መዘገበቻቸው፣ ጀርባቸው ላይ መለያ ቁጥር ለጠፈችባቸው፣ «ከአዳራሽ አይወጣም» የሚለውን ማህተም መታችባቸውና በአካባቢ ጥናት መደርደሪያ ላይ አኖረቻቸው። ፎቶ ኮፒ ልታስነሳቸው ብዙ ለመነች። ማሽኑ ቀለም ያለው ለፈተና ብቻ ነው እየተባለ ቆየ። ሼህ አደም በ2000 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ያለው ዘጠኙ ደብተር ውስጥ ብቻ ነበር።

ደብተሮቹን ደግሞ ሰው ያነባቸው ነበር። ይሄን የማውቅ እኔ ነኝ፤ ከመደርደሪያ እያወረድኩ የማቀብል እኔ ስለሆንኩ። የእርሻ ተማሪዎች የማሽላውን ስም ሊገለብጡ ይመጣሉ። ሐያት የምትባል ተማሪ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቃል በቃል ትሸመድዳለች። አያቷ በዚያ ቋንቋ ሲቆጧት ነው ያደገችው፤ ምን ይሏት እንደነበር ገና አሁን እየገባት ብቻዋን ትስቃለች፣ አንዳንዴም እንባዋን ትጠርጋለች። ጸሐፊዋ ከኋላ ክፍል ናት፣ ገብተሽ አመስግኛት ብላት አፈረች። ፋዲላም ሰው ያነበዋል ወይ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እሷም ታፍር ነበር። እኔም ሄጄ አልነገርኳትም። ሰው ማመስገን አይሆንልኝም፣ ምን ላድርግ።

በ2002 ዓ.ም. ቢፒአር የሚባለው የአሠራር ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ ሲገባ እኛም ዘንድ ደረሰ። ሁሉም ነገር ይለካ፣ የላይብረሪ ባለሙያም እንደ መምህራኑ ጥናት ያጥና ተባለ። ተማሪው በእጥፍ ጨምሮ ወለል ላይ እየተቀመጠ ያነባል። የላይብረሪው ኃላፊ አቶ ሮቤል ፋዲላን ጠርተው የማይነበቡት መጻሕፍት የትኞቹ እንደሆኑ አጥኚ፣ ቦታ እናስለቅቃለን አሏት። ከግቢው ጥናት እንዲያቀርብ የታዘዘ የመጀመሪያው ላይብረሪያን እሷ መሆኗ ነው። ደስታዋን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ሻይ ጋበዘችኝ።

አጠናኗ ጥንቁቅ ነበር። የውሰት ካርድ ላይ ያለውን ማህተም ትቆጥራለች፤ በውሰት የማይወጡትን ደግሞ ከውስጥ ንባብ መዝገብ ትወስዳለች። የመጽሐፍ ስም ግን አላይም አለች። «ስሙን ካየሁ አዝንለታለሁ፣ ጥናቱ ይበላሻል። ቁጥር ብቻ ይሁን» ነው ያለችው። የዘጠኙን ደብተር ቁጥር በቃል አታውቅም፤ በሺህ የሚቆጠር ቁጥር በእጇ አልፏል።

አሁን ስለ ውስጥ ንባብ መዝገብ ልናገር። ተማሪ አዳራሹ ውስጥ የሚያነበውን እያንዳንዱን መጽሐፍ ቁጥር የምመዘግበው እኔ ነኝ። አልመዘገብኩም። መቶ ልጅ ባንኮኒው ላይ ተደርቦ «ጋሼ፣ ጋሼ» እያለ፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ቁጥር ስጽፍ ልኖር ነው እንዴ? ሦስት ዓመት ሙሉ መዝገቡ ባዶ ነበር። ፋዲላ ስትጠይቀኝ ነገ አመጣልሻለሁ አልኩና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁጭ ብዬ ከራሴ ሞላሁት። አንድ ሰው በአንድ ቀን የጻፈው እንዳይመስል ሦስት እስክሪብቶ ቀያየርኩ። የሞላሁት የሂሳብና የኬሚስትሪ መማሪያ ቁጥር ነው፤ ብዙ ይነበባሉ ከተባለ ተጨማሪ ይገዙልናል ብዬ። ደብተሮቹ ትዝ አላሉኝም። በእጅ የተጻፈ ደብተር ከመጽሐፍ ጋር ይቆጠራል ብዬ አላሰብኩም። ፋዲላ መዝገቡን በሁለት እጇ ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ብርሃኔ፣ ያለዚህ ጥናቱ ሙሉ አይሆንም ነበር» አለችኝ።

ጥናቱ ሲቀርብ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ማንም ያልነካቸው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት መጻሕፍት አሉ፣ ወደ መጋዘን ይግቡ አለች። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። ተጨበጨበላት፤ እኔም አጨበጨብኩ። ዋናው ግቢ ደግሞ ወዲያው ለዐሥር ቀን ስልጠና ወደ ደጋ ጠራት። በደብረ ሲና በኩል ስትወጣ ብርድ እንዳይመታሽ ብዬ ጋቢዬን አዋስኳት።

በሄደች በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት አዳራሹን ስከፍት ክው ብዬ ቀረሁ። መደርደሪያዎቹ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ሆነዋል። ቀን ሠራተኞች ቅዳሜና እሁድ ዝርዝሩን ይዘው ገብተው፣ ጀርባው ላይ ቁጥሩ ያለበትን ሁሉ እየመዘዙ አውጥተውታል። ዓይኔ ሳላዘው ወደ አካባቢ ጥናት መደርደሪያ ሄደ። ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው። አንድ ደብተር የለም። 

ወደ አቶ ሮቤል ቢሮ ሮጥኩ። መጋዘን ገብተው እንደሆነ ጠየቅኩ። መጋዘኑ ወንበርና ሲሚንቶ ስለሞላ ለወረቀት ነጋዴ በኪሎ ተሸጠዋል፣ የንብረት ክፍሉ ጨርሶታል፣ መኪናውም ትናንት ወደ አዲስ አበባ ሄዷል አሉኝ። የፋዲላ ደብተሮች አብረው መሄዳቸውን ነገርኳቸው። ዝርዝሩን ከመሳቢያ አውጥተው ገለጡና ዘጠኙን ቁጥር ተራ በተራ አሳዩኝ።

«ዝርዝሩን ያወጣችው ራሷ ናት» አሉኝ። ረጋ ብለው ነው የተናገሩት።  ቁጥሮቹ ለምን እዚያ እንደገቡ የማውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ጆንያ ሲጭን የዋለ አንድ ሸክመኛ፣ አንድ ጆንያ ተቀዶ መናኸሪያው አጠገብ የተበተነ ወረቀት ነበር አለኝ። ሄድኩ። ዘምዘም የምትባል ኦቾሎኒ ሻጭ ጉልበቷ ላይ ደብተር አስቀምጣ ቅጠል እየገነጠለች ትጠቀልላለች። ልባሱ ላይ የፋዲላን እጅ ጽሑፍ ከሩቅ አወቅኩት። ዘምዘም ያገኘችው አንድ ደብተር ብቻ ነው፤ ከትናንት ጀምራ ስትሸጥበት ውላለች። በፊቴ አንዱን ጥቅል ለደሴ አውቶብስ ተሳፋሪ በመስኮት አቀበለችው። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ቆሜ አየሁት። ምን እንደሆነ ስነግራት ደንግጣ «ወላሂ አላወቅኩም፣ ቁርኣን እንዳይኖርበት ብዬ እያንዳንዱን ገጽ እያየሁ ነው የቀደድኩት» አለች። የቀረው ዐሥራ አንድ ቅጠል ነበር።

ፋዲላ ሐሙስ ዕለት ተመለሰች። ጋቢዬን አጣጥፋ ባንኮኒው ላይ አኖረችና ባዶውን መደርደሪያ አየች። ማንም ሳይነግራት ገባት። ዐሥራ አንዱን ቅጠል ሰጠኋት። ቅባት የነካቸውን ገጾች አንድ በአንድ ገለጠች። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለቀሰችም። 

«ቁጥር ብቻ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። ቀና አለችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ጋሽ ብርሃኔ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ጠይቆ ያነበባቸው ሰው ነበር?»

ሐሙስ ነውና ድሮ ቢሆን ሐያት ያን ሰዓት መስኮቱ ሥር ትቀመጥ ነበር፤ አዲሱ ዓመት ሳይብት ግን ተመርቃ ሄዳለች። አርባ ጊዜ፣ ሃምሳ ጊዜ ለእሷ አቀብያለሁ። ነበር ብል ግን ቀጥሎ የምትጠይቀኝን አውቀዋለሁ፤ ታዲያ መዝገቡ ላይ ለምን የለም ትለኛለች። ያ ሁሉ ቁጣዬ፣ ያ ሁሉ አፌ የት እንደገባ አላውቅም። ፈራሁ።

«አልነበረም» አልኳት።

አንገቷን ነቀነቀች። «እንግዲያው ጥናቱ ልክ ነው» ብላ ቅጠሎቹን አስተካክላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት አብረን ሠራን። የተቀደደ መለጠፏን አልተወችም፣ እሁድ እሁድ ወደ መንደር ለጽሑፍ መውረዷን ግን ተወች። ሼህ አደም ማጀቴ ወደምትባል ከተማ የተዳሩ ሙሀባ የሚባሉ እህት እንዳሏቸው ያወቅኩት በ2004 ዓ.ም. ነው። የልጃቸው ልጅ ባንኮኒዬ ድረስ መጥቶ መልእክታቸውን ነገረኝ። ወንድማቸው የሚሉትን ስትጽፍ የነበረችዋ ልጅ ብትመጣላቸው እሳቸውም ገና የሚያስታውሱት ብዙ አለ፣ እርጅናው ግን እየገፋቸው ነው። ልጁን አስቀምጬ ወደ ኋላ ክፍል ገባሁና ነገርኳት። የመዝገቡን እውነት ያን ጊዜም መናገር እችል ነበር። በሩ ተዘግቷል፣ ሁለታችን ብቻ ነን።

«ማንም ለማያነበው እሳቸውን ለምን አደክማለሁ» አለች፤ ቀና ሳትል፣ ሙጫውን እየቀባች። «አልመጣም ብላለች ይበሏቸው።»

ወጥቼ ለልጁ መልሱን ነገርኩት።