ከእንዳ ኢየሱስ ቁልቁል ስንወርድ

ሱቅ ደጃፍ ተደርድሮ ፀሐይ የመታው አዲስ የፕላስቲክ ሳፋ አጠገብ ሳልፍ እስከ ዛሬ ወገቤን ቀጥ አደርጋለሁ። ሽታው ነው። በአሥራ አምስት ዓመቴ ከብብቴ እስከ ዳሌዬ ያሰሩልኝ የፕላስቲክ ድጋፍ ልክ እንደዚህ ይሸት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ከላቤ ጋር ይደባለቅና ወደ ክፍል ከእኔ ቀድሞ የሚገባ ይመስለኝ ነበር።

የጀርባዬን ነገር መጀመሪያ ያየው ሐኪም አልነበረም፤ ልብስ ሰፊ ነው። የደንብ ልብሴ ጫፍ በግራ ወርዶ በቀኝ ይሰቀል ስለነበር እናቴ ሁለት ጊዜ መለሰችለት። በሦስተኛው ሰውየው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከኋላዬ ቆሞ ብዙ አየኝ። ከዚያ ለእናቴ ሳይሆን ለእኔ፣ የገዛ ልጁን እንደሚያናግር፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ የተጣመመው ቀሚሱ አይደለም» አለኝ።

በሳምንቱ ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያነሣው አከርካሪዬ ወደ ቀኝ ሄዶ፣ ሐሳቡን ቀይሮ የተመለሰ ይመስል ነበር። እናቴ አለቀሰች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከማዘን ይልቅ ገረመኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ሆኜ ስሄድ እንዴት ሳላውቀው ቀረሁ?

በዚያ ሰሞን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነበር። አባቷ ከመሐል አገር ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። ቤታችን መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ ስለነበር በየጠዋቱ ቁልቁለቱን አብረን ወርደን ነው ትምህርት ቤት የምንሄደው። ትግርኛ ገና አልገባትም ነበርና የልቧን የምታወራው ከእኔ ጋር ብቻ ነው፤ ከበራቸው እስከ ትምህርት ቤቱ በር አፏ አያርፍም። እኔ ደግሞ ጠጠሩንና የተነሣውን ድንጋይ እያየሁ እወርዳለሁ። ስትጠይቀኝ ወይ ዝም እላለሁ፣ ወይ ያገኘሁትን እመልሳለሁ። አንድ ቀን ጠዋት እናቷ ሆስፒታል መግባቷን ነገረችኝ። እኔ «እሺ» አልኳት። ይህን ማለቴን ያወቅኩት በኋላ ሌላ ልጅ ስትነግረኝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛዬ ሳትጠራኝ ብቻዋን መሄድ ጀመረች። ኮርታብኛለች ማለቷንም ሰማሁ።

የገባኝ ፊዚዮቴራፒ የሄድኩ ቀን ነው። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ነበረች፤ ስትራመድ ጫማዋ ሲሚንቶው ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል። ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር በረጅሙ ለጥፋ በላዩ ሂጂ አለችኝ። ሄድኩ። ቀጥላ ሰዓቷን ይዛ፣ አሁን ደግሞ ከመቶ ጀምረሽ ሦስት ሦስት እየቀነስሽ ሂጂ አለችኝ። መቶ፣ ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና አራት እያልኩ ጀመርኩ። ሰማንያ ስምንት ላይ ስደርስ ዝም ብዬ ቆሜያለሁ። መቆሜንም ያወቅኩት እሷ ሰዓቷን ዝቅ አድርጋ ስታየኝ ነው።

ደንግጬ፣ አእምሮዬም ታሞ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አእምሮሽ ደኅና ነው፤ ሥራ በዝቶበት ነው» አለችኝ። «ሌላው ሰው ሲራመድ ስለ ሚዛኑ ብዙም አያስብም። አንቺ ሳይታወቅሽ ስትጠብቂው ነው የምትውዪው። ሌላ ሥራ ሲጨመርብሽ አንዱ ይቆማል።»

በሁሉም ላይ እኩል እንዳልሆነ፣ በልምምድም እንደሚሻሻል ጨምራ ነገረችኝ። እኔ ግን ሐሳቤ ቁልቁለቱ ላይ ነበር። ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። እናቷ ከሆስፒታል ወጥታ በረንዳው ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ልጅቷ በሩን ይዛ ሳታስገባኝ አዳመጠችኝ። ስጨርስ የአባቷን ሰዓት አምጥታ «እስቲ እንየው» አለችኝ።

ያን ክረምት ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር በሁለት የመብራት ምሰሶዎች መካከል አመላለሰችኝ። ማባዛት ስትጠይቀኝ እንደ አሮጊት እጓተታለሁ። በቃሌ የማውቀውን መዝሙር ስዘምር ግን ምንም አልዘገይም! ይህ ለምን እንደሆነ ሁለታችንም ቀኑን ሙሉ ተከራከርንበት። ራሷም ሞከረች፤ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዛ የክፍላችንን ልጆች ስም ከኋላ ወደ ፊት ስትጠራ ውኃውን ጫማዋ ላይ ደፋችው። በሳቅ ሞትን። ከዚያ ወዲህ ቁም ነገር ሲኖራት ክንዴን ይዛ ታቆመኝና እርጥቡ መሬት ላይ ቆመን ታወራኛለች። ትምህርት ቤት ስንት ቀን አረፈድን!

ድጋፉን ከሁለት ዓመት በኋላ አወለቅኩት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንደጨረስን ደግሞ አባቷ ወደ ሐዋሳ ተዛወረ። በሄዱበት ጠዋት ወላጆቿ አስፋልቱ ዳር መኪና ውስጥ ሆነው ይጠብቋት ነበር፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን ያንጫርራል። አንድ ከባድ ሻንጣ ለሁለት ይዘን ቁልቁለቱን በጥድፊያ ወረድን። ነፋሱ አቧራውን ፊታችን ላይ ይበትናል። እሷ መንገዱን ሙሉ ታወራ ነበር። እኔ እግሬንና ሻንጣውን ነው የማየው። ታች ስንደርስ አቅፋኝ ገባች። ሁለታችንም ስልክ አልነበረንም፤ አድራሻ ሲኖረን እጽፍልሻለሁ ያለችው ደብዳቤም አልመጣም።

ያን ጠዋት ምን ትለኝ እንደነበር ዓመታት ሙሉ አሰላሰልኩ። ባለፈው ዓመት አንድ የድሮ የክፍላችን ልጅ ቁጥሯን ሰጠኝና ደወልኩላት። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ሥራዋ አወራችኝ። በመጨረሻ፣ የሄዳችሁ ዕለት ቁልቁል ስንወርድ ያወራሽኝን አልሰማሁም ነበር አልኳት።



«አንደኛ ምርጫሽን ሐዋሳ አድርጊ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ እንግባ ነበር ያልኩሽ» አለችኝ። «ዝም ስትዪ እሺ ያልሽኝ መስሎኝ። አዲስ ተማሪ ሲገባ ሁለት ቀን ሙሉ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩሽ። ከመቀሌ የመጣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ወራጁን ሁሉ አንድ በአንድ አይ ነበር።»

ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የሰማኋት። አንድም ቃል አላመለጠኝም።