ዶን ፊደንሲዮና አማቲቱ

ፀጉር አስተካካያችንን ዶን ፊደንሲዮ ኩዋማትሲን በፊቱ «እርስዎ» የማይለው ሰው በከተማችን የለም። ከጀርባው ግን «እሱ» ነው። አሁን ከጀርባው ስለሆንን እኔም «እሱ» ልበለው፤ ቢሰማኝም በዚያ ጉልበቱ ሮጦ አይደርስብኝም።

ሱቁ አደባባዩ ፊት ለፊት ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱ ምላጭ ሥር ስለሆነ ሲሰደብም ንቅንቅ አይልም፤ የፊደንሲዮ ምላስ የተሳለው እዚያ ነው። የማዘጋጃ ቤቱን ጸሐፊ «ፀጉርህ እንኳን ካንተ ጋር መኖር ሰልችቶት እየሄደ ነው» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጸሐፊው ጭራሽ አመሰገነው። ምን ያድርግ፣ ግማሽ ፂሙ ገና አልተላጨም።

ምላሱ በደንብ የሚሠራው ግን ማሊንቼ ተራራ ላይ ነበር። «ንስሮች» የሚባል የተራራ ማኅበር አለን። በያመቱ ዝናቡ ሳይገባ በሚውለው የመስቀል በዓል፣ ጫፉ ላይ ለቆመው የብረት መስቀል አበባና አዲስ ነጭ ጨርቅ ይዘን እንወጣለን። ፊደንሲዮ መሪ ነው፣ እኔ መጥረጊያ ነኝ። መጥረጊያ ማለት ከሁሉም ኋላ የሚሄድ፣ ማንንም የማይቀድም፣ ሰው ጠፍቶ እንዳይቀር የሚጠብቅ ነው። ስለዚህ የከተማውን ሰው ሁሉ በጀርባው አውቀዋለሁ፤ ከኋላ የሚሄድ ሰው ደግሞ ወሬ አያመልጠውም።

መንገዱ መጀመሪያ ጥድ ነው፤ እዚያ ሁሉም ያወራል። ቀጥሎ ሣር ነው፤ እዚያ ሁሉም ይጸልያል። ከሣሩ በላይ አሸዋው ይመጣል፤ ቀጥ ያለ፣ ጥቁር፣ አንድ ስትረግጥ ሁለት የሚመልስ። እዚያ ሁሉም ይሳደባል። ከአሸዋው በኋላ ስለታሙ ቋጥኝ አለ፣ እዚያ ደግሞ የሚናገር ሰው የለም። ከፊደንሲዮ በቀር ማለቴ ነው። እሱ ከላይ ቆሞ «ሳምባህን የት ረሳኸው፣ ከሚስትህ ቀሚስ ኪስ?» እያለ ያወርድብናል።

አማቲቱን ያመጣት እሱ ነው። አማቲቱ ድንጋይ ናት። ጥቁር፣ የተቦዳደሰች፣ አፍንጫና አገጭ ያላት የምትመስል፣ አንድ ጤነኛ ሰው ሁለት እጁን ካላስገባ የማያነሳት። ሕጉን ያወጣውም እሱ ነው፦ መስቀሉን በመጨረሻ የነካ ሰው አማቲቱን በገመድ ታስራ፣ ጠፍሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ብቻውን እስከ ከተማ ያወርዳታል። ዓመቱን ሙሉ መንገደኛ በሚያያት መስኮት ላይ ያስቀምጣታል። ስትወጣ ወጣቶቹ እየተቀባበሉ ያወጧታል፤ ስትወርድ ግን የባለቤቷ ናት።

አንዱ «ከመንገድ የተመለሰስ?» ብሎ ጠይቆት ነበር።

«የተመለሰ አይቆጠርም» አለ ፊደንሲዮ። «መስቀሉን ያልነካ ሰው አልመጣም ማለት ነው። ላልመጣ ሰው አማት አንድርም።»

ሁላችንም ሳቅን። ለእኔም መጥረጊያ ስለሆንኩ አትደርስም፤ ስለዚህ ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

የፊደንሲዮ አበልጅ ኒሴፎሮ ትላፓሌ ይባላል፤ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ድምፁ ከሊጥ አይበልጥም። ልጁን አቡንዲዮን ክርስትና ያነሳው ፊደንሲዮ ነው። እኛ ዘንድ አበልጅ ከወንድም ይበልጣል፦ አይሰደብም፣ የጠየቀውን እምቢ አይባልም፣ ዕድሜ ልክ በ«እርስዎ» ነው። አቡንዲዮ ዱቄትና ስኳር ያሳደገው ወፍራም ጎረምሳ ነበር። ሊያገባ ባለበት ዓመት፣ ለእጮኛው ጉራ ሊነዛ ከእኛ ጋር ወጣና መስቀሉን በመጨረሻ ነካ። ክርስትና አባቱ ያልፈዋል ብለን ስንጠብቅ፣ ፊደንሲዮ ገመዱን ራሱ አሰረለት፤ ቋጠሮውንም ሁለቴ አጠበቀው።

አሸዋው መሐል ላይ ልጁ እያለቀሰ ወደ እኔ ዞረ። «እባክህ፣ ትንሽ ያዝልኝ።»

እኔ እጄን ዘርግቼ ነበር መሰለኝ። ፊደንሲዮ ግን ከታች ሆኖ «መጥረጊያ ድንጋይ አይሸከምም!» ብሎ ጮኸ፤ ገደሉም ደገመለት። ሠላሳ ሰው አሸዋው ላይ ተቀምጦ ሳቀ።

አማቲቱ ዓመቱን ሙሉ ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ከጣፋጭ ዳቦዎቹ መሐል ተቀመጠች። እጮኛው «አማት አንድ ትበቃኛለች፣ ሁለት አልችልም» ብላ ቀለበቱን መለሰች። የዚህንም ቀልድ ደራሲ ከተማው ያውቀዋል፤ ልጅቷ ፀጉሯን የምትቆረጠው ፊደንሲዮ ዘንድ ነው። አቡንዲዮ ወደ ሰሜን፣ ድንበር ተሻግሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን በስልክ እንጂ ፊቱን ያየ የለም። ኒሴፎሮ ግን በወሩ መጨረሻ እንደ ልማዱ ሄዶ አበልጁ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ፀጉሩን ተስተካከለ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አበልጄ» ብሎ ወጣ።

ዓመታት አለፉ። ፀጉር አስተካካይ ቆሞ ይኖራል፤ የፊደንሲዮ ቀኝ ጉልበት አንድ ቀን እንደ ዱባ አብጦ አደረ፣ ከዚያ በኋላ አልጎደለም። ካቻምና መስቀሉ ጋ ሲደርስ ከኋላው የቀረች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ የእንስሳት ሐኪሙ መበለት ዶኛ ፔርፔቱዋ። እሷ ደግሞ በገና ሰሞን ተዳረችና ፑዌብላ ከተማ ገባች። ከተማው በጣቱ ቆጠረ፤ ለአምናው በዓል ከፊደንሲዮ ኋላ የሚቀር ሰው የለም። መሸታ ቤት ያላት ሊዮካዲያ፣ መስቀሉ ሥር ተቀምጣ ማን እንደነካ የምትዳኘው እሷ ናት፣ ፑልኬ የሚባለውን የቁልቋል ጠላ እየቀዳችልን «የሱቁ መስኮት ሰፊ ነው፤ አማቲቱ ተደላድላ ትቀመጣለች» አለች።

እንዳይቀር፣ «ያልወጣ ንስር ዶሮ ነው» ብሎ ስንቱን በሽተኛ ያስወጣ እሱ ራሱ ነው። ወጥቶ ድንጋዩን ቢሸከም ደግሞ፣ ድንጋይ ያሸከመው ሰው ሁሉ ተራ በተራ መጥቶ ያ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ በመስታወት ውስጥ አማቲቱን ያያል፣ «ደህና አደሩ ወይ አማትዎ?» ይላል። ፊደንሲዮ ሞትን እንደዚያ አይፈራም ነበር።

በበዓሉ ሳምንት ኮፍያውን አውልቆ ዳቦ ቤት ገባ። እኔ ዳቦ እየገዛሁ ነበር፤ ወሬ ባለበት አለሁ።

«አበልጄ፣ ዘንድሮ አብረን ብንወጣ ምን ይመስልዎታል?»

ኒሴፎሮ እጁን ከሊጡ አላወጣም። «እኔ? በዚህ ደረቴ?» የምድጃ ጭስ ያመጣው ሳል አለበት፤ ደረጃ ሲወጣ የሚያፏጭ።

«ቀስ ብለን ነዋ! እኔ ከጎንዎ አልለይም።»

ኒሴፎሮ ሊጡን አንዴ ገለበጠው። ከዚያ «አበልጅ ጠይቆ እምቢ አይባልም» አለ። ፊደንሲዮ ሲወጣ አንካሳ እግሩ እንኳን ይዘፍን ነበር። ለምን እንደጋበዘው ከተማው ሁሉ ገብቶት ነበር። ማንም ለኒሴፎሮ አልነገረውም፤ ቀልድ ይበላሻል።

በዓሉ ደረሰ። በጥዱ ውስጥ ሁለቱ ከእኔ ፊት ፊት ይሄዱ ነበር፣ አንዱ እያነከሰ፣ አንዱ እያፏጨ። ፊደንሲዮ ደስተኛ ነው። በየአሥር እርምጃው ዞሮ «አሉልኝ አበልጄ?» ይላል፤ ኒሴፎሮም ከኋላው ሆኖ «አለሁ፣ አለሁ» ይላል። ሣሩ ላይ ስንደርስ ግን ኒሴፎሮ ቁጢጥ አለ።

«እኔ በቃኝ አበልጄ። እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ ልመለስ።»

የፊደንሲዮን ፊት ማየት ነበር! የተመለሰ አይቆጠርም። ኒሴፎሮ ከተመለሰ መጨረሻው ራሱ ነው። እየተንከባለለ ሊባል በሚችል ፍጥነት ወረደ።

«ምን ማለትዎ ነው? ይህን ያህል መጥተው? ዕቃዎን ለእኔ ይስጡኝ!» ቦርሳውን ነጠቀውና በራሱ ቦርሳ ላይ ደረበ። ውኃውን አጠጣው። ለበዓሉ ባቄላ የተሞላውን የበቆሎ ቂጣ ቆርሶ አጎረሰው። አሸዋው ላይ ሲደርሱ ከኋላው ሆኖ ትከሻውን መቀመጫው ሥር አስገብቶ ይገፋው ጀመር። አንድ ይገፋዋል፣ ሁለት አብረው ይንሸራተታሉ። ጉልበቱ ሲንቋቋ እኔ ጋ ይሰማል።

ከላይ ያሉት ሴቶች ቆመው አዩ። «እዩት እስቲ! ዶን ፊደንሲዮ ልቡ ራራ» አለች አንዷ፣ አማተበችም።

ከአሸዋው አጋማሽ በላይ ኒሴፎሮ እንደገና ተቀመጠ፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ፊደንሲዮ ትዕግሥቱ አለቀ። በአንገትጌው ያዘውና ጮኸበት፦

«ተነሥ አንተ ቡኮ! አባትም ልጅም አንድ ናችሁ፣ ሥጋ ብቻ! ልጅህን ተራራው ጣለው፣ አንተን ደግሞ ምድጃህ ይጠብስህ!»

አበልጅ አይሰደብም። ኒሴፎሮ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ። «እሺ አበልጄ» አለ። «እንሂድ።» ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳን አልተቀመጠም። እያፏጨ ወጣ፣ እንደሚፈላ ጀበና። ፊደንሲዮ ቦርሳውን እንደተሸከመ ጎን ለጎን ተከተለው፤ ቋጥኙ ላይ በሆዳቸው ተሳቡ።

መስቀሉ ታየ። ሁሉም ደርሷል፣ ጨርቁ ተቀይሯል፣ አበባው ታስሯል። ሊዮካዲያ ከመስቀሉ ሥር ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አማቲቱ አጠገቧ ናት፣ ገመዷ ተዘጋጅቷል።

ለመስቀሉ ጥቂት እርምጃ ሲቀር ፊደንሲዮ የአበልጁን ክንድ ለቀቀ። እንደ ቆሰለ ፌንጣ በአንድ እግሩ ዘለለና ብረቱን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ደረስኩ! ሊዮካዲያ፣ አይተሻል!»

«አይቻለሁ» አለች።

ፊደንሲዮ ላቡን እየጠረገ ዞረ። «አይዞዎት አበልጄ፣ ይምጡ፣ ይንኩ!» አለ፤ ድምፁ ማር ሆኗል።

ኒሴፎሮ ግን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። እጁን ወደ ፊደንሲዮ ዘረጋ። «ቦርሳዬን።» ተቀበለው፣ ዳቦ አወጣ፣ ቆርሶ ማኘክ ጀመረ።

«ምን ሆኑ? ሁለት እርምጃ ነው የቀረው!»

«እኔ መስቀሉን ልነካ አልመጣሁም» አለ ኒሴፎሮ፣ እያኘከ። «ለምን እንደጋበዙኝ ገና ዳቦ ቤቱ ውስጥ ገብቶኛል፤ ጋጋሪ ነኝ እንጂ ቡኮ አይደለሁም። የመጣሁት አማቲቱን ሲሸከሙ ለማየት ነው። ከዚህ ደግሞ በደንብ ይታያል።»

«አበልጄ... በአቡንዲዮ ይሁንብዎት...»

«አቡንዲዮ ሰላም ብሎዎታል። ዛሬ ማታ ይደውላል፤ እነግረዋለሁ።»

ፊደንሲዮ ወደ ሊዮካዲያ ዞረ። «እሱ እዚህ አለ እኮ! በዓይንሽ እያየሽው! መጨረሻ እሱ ነው!»

«ማን?» አለች ሊዮካዲያ። «መስቀሉን ያልነካ ሰው አልመጣም ማለት ነው። እኔ እዚያ ድንጋይ ላይ ሰው አይታየኝም።» ገመዱን አነሣች። «ዝቅ ይበሉ እስቲ፣ ጠፍሩ ግንባርዎ ላይ እንዲያርፍ።»

ቋጠሮውን ማን እንዳጠበቀው ልንገራችሁ? ሁሉም አጠበቀ። ድንጋይ ተሸክመው የሚያውቁት ተሰለፉ፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ ጎተተ።

አሸዋው ላይ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ በሦስተኛው ጉልበቱ ውስጥ የተሰበረ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ሰዎቹ ታች ቆመው ይጠብቃሉ፣ ማንም አልሳቀም፤ ሳቁን ለወንበሩ አስቀምጠውታል። እኔ ከኋላው ነበርኩ፣ ቦታዬ ነው። ዞሮ አየኝ። አሸዋ የለበሰ ፊቱ ላይ ሁለት እርጥብ መስመር አለ።

«እባክህ» አለ። «ትንሽ ያዝልኝ።»

«መጥረጊያ ድንጋይ አይሸከምም፣ ዶን ፊደንሲዮ።»

ይህን ያልኩት ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፤ ገደሉ ግን ለሁሉም አሰማው።

አማቲቱ አሁን በሱቁ መስኮት ላይ ናት። ገበያው እንደዚያ ደርቶለት አያውቅም፤ ራሰ በራው የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ እንኳን በየሳምንቱ ይመጣል። ፊደንሲዮ በአንድ እግሩ ቆሞ ደንበኛውን ይላጫል፣ አፉን አይከፍትም። ትናንት ደግሞ፣ የዘንድሮው በዓል ሲቃረብ፣ ኒሴፎሮ ኮፍያውን አውልቆ፣ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ገባ። ወንበሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ምላጩ አንገቴ ላይ ቆመ።

«አበልጄ» አለ ኒሴፎሮ በለሰለሰ ድምፁ። «ዘንድሮም አብረን ብንወጣ ምን ይመስልዎታል? እኔ ከጎንዎ አልለይም።»

ፊደንሲዮ በመስታወቱ ውስጥ ድንጋይዋን አየ፣ ጉልበቱን አየ፣ እኔን አየኝ። አበልጅ ጠይቆ እምቢ አይባልም።

«እሺ» አለ።